ከእህቴ ወገብ ውሃ እንቅዳ አሉን፣ እናቴ አይሆንም ብላለች። ልፈርም ወይ?

ታናሽ ወንድም (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁም። ኮሪደር ላይ ቆሜ በስልኬ ነው የምጽፈው፣ ከተዘበራረቀ ይቅርታ።

እህቴ 26 ዓመቷ ነው። እሁድ ራሴን አመመኝ አለች። ሰኞ አተኮሳት። ጉንፋን ነው ብለን ማስታገሻ ሰጠናት። ማክሰኞ ማታ ነገሯ ሁሉ ተለወጠ። የጥርስ ብሩሿን ይዛ መጣችና "ይሄ ምን የሚሠራ ነው?" አለችኝ። የምትቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። እሷ አልሳቀችም። ብሩሹን እያገላበጠች ታየዋለች። ከዚያ ደግሞ የተቃጠለ ፕላስቲክ ይሸተኛል ማለት ጀመረች። ቤቱን ሁሉ ፈተሽን፣ ምንም የለም። ትንሽ ቆይታ እንደገና "ሸተተኝ" ትላለች። ዛሬ ጠዋት ቀኝ እጇ መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ ወዲያው መላ ሰውነቷን ያዛት፣ ራሷን ሳተች። ተሸክመናት በረርን።

የጭንቅላት ሲቲ ስካን ተነሥታለች። ተረኛዋ ሐኪም "አንጎሏ ላይ ኢንፌክሽን ያለ ይመስላል፣ መድኃኒት ጀምረንላታል፣ ግን ከወገቧ ፈሳሽ ቀድተን መመርመር አለብን" አለችን። እናቴ ይህን ስትሰማ መሬት ላይ ቁጭ አለች። የምታውቀው ሰው በዚህ መርፌ ሽባ ሆኗል። አክስቴ ደግሞ ውሃው ከተቀዳ አንጎሏ ይደርቃል ትላለች። ሐኪሟ ወረቀቱን እኔ እጅ ላይ አስቀምጣ "ቶሎ አስቡበት" ብላ ወደ ሌላ ታካሚ ሄደች።

እውነት ለመናገር እኔም ፈርቻለሁ። ራሱ ያስቀዳ ወይም ልጁን ያስቀዳ ካለ እባካችሁ የሆነውን ንገሩኝ።

ገጠመኝ

ወንድሜ፣ እኔ በዓይኔ ያየሁትን ልንገርህ። አጎቴን ከጀርባው ውሃ ቀዱት። በእግሩ ሄዶ ነው የገባው። በተቀዳ በ3ኛው ቀን ሁለት እግሩ ከዳው፣ በተሽከርካሪ ወንበር ወጣ። እናትህን ስማ።

የልጅ አባት

ወንድሜ፣ መጀመሪያ ፈርም፣ ከዚያ የቀረውን አንብብ። ሐኪሟ አጠገብህ ናት፣ እህትህን አይታታለች። እኛ ሩቅ ነን። ግን አሁን የቆምክበት ቦታ ላይ ቆሜ አውቃለሁና የኔን ልንገርህ።

ልጄ ያኔ 4 ዓመቱ ነበር። አተኮሰው፣ አስመለሰው፣ ማታ ላይ አንገቱ ደረቀ። ማጅራት ገትር የሚለውን ስም ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ኖሬያለሁ። ለምን እንዲህ እንደተባለ የገባኝ ግን ያን ማታ ነው። ልብሱን ላወልቅለት ብዬ እጄን ከማጅራቱ ሥር አስገብቼ ቀና ሳደርገው፣ ጭንቅላቱና ጀርባው አንድ ላይ ተነሡ። እንደ ጣውላ።

ሐኪሞቹ ከወገቡ እንቅዳ አሉ። እምቢ አልኩ። ሚስቴ እንፈርም ብላኝ ነበር። እኔ ነኝ እምቢ ያልኩት። አንድ ቀን ተኩል ሙሉ።

መድኃኒት አልከለከሉትም። በግምት ጀመሩለት፣ በደም ሥሩ ይሰጡታል። ትኩሳቱ ግን አልወርድ አለ። በሁለተኛው ቀን ማታ ስሙን ስንጠራው ዓይኑን መግለጥ ተወ። ያኔ ፈረምኩ።

ውጣ ስላላሉኝ እዚያው ቆሜ አየሁ። አንዲት ነርስ ልጁን በጎኑ አስተኛችው። ጉልበቱን ወደ ሆዱ፣ አገጩን ወደ ደረቱ አጥፋ አቀፈችው። ጀርባው እንደ ቀስት ጎበጠ። ሐኪሙ የዳሌውን አጥንት ጫፍ በጣቱ ዳሰሰ፣ ከዚያ ቀጥታ ወደ አከርካሪው መጣና ምልክት አደረገ። ቦታውን በመድኃኒት ጠራርጎ አደነዘዘው። ከዚያ ቀጭኗን ረጅም መርፌ አስገባ። በመርፌዋ ውስጥ ያለችውን ሽቦ ሲያወጣት ፈሳሹ መውረድ ጀመረ። ይመጡታል ብዬ ነበር የምፈራው። ማንም አልመጠጠም። በራሱ ጊዜ ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ ይላል። 3 ትንንሽ ብልቃጥ ያዙ። በእያንዳንዱ የገባውን ጠብታ ቆጥሬያለሁ፣ ከ20 አይበልጥም።

ሐኪሙ አንዷን ብልቃጥ ወስዶ የልጁ ካርድ ላይ ከተጻፈው ፊት ለፊት ያዛት። "በዚህ ውስጥ ጽሑፉን ታነበዋለህ?" አለኝ። አይነበብም። ሳሙና የነካው ውሃ ይመስላል። "ጤነኛ ቢሆን ከንጹሕ ውሃ አትለየውም ነበር፣ ፊደሉ ቁልጭ ብሎ ይታይህ ነበር" አለኝ። እኔ አንድ ቀን ተኩል እንዳይታይ የከለከልኩት እሱን ነው።

ላብራቶሪው ኒሞኮከስ የሚባለውን ባክቴሪያ አገኘ። ባክቴሪያውን አሳድገው የሚያዩበት ምርመራ፣ ካልቸሩ፣ ሲደርስ ደግሞ በግምት የተጀመረለት መድኃኒት በቅጡ የማይገድለው ዓይነት ሆነ። ቫንኮማይሲን የሚባል ሌላ የባክቴሪያ መድኃኒት ጨመሩለት። በ2 ቀን ትኩሳቱ ወረደ። ልጄ ዳነ። በእግሩ ሄዶ ወጣ።

ከወጣን 3 ሳምንት አይሆነንም፣ በር በንፋስ ተላትሞ ቤቱ ተናወጠ። ሚስቴ ዘለለች። ልጁ ግን ጀርባውን ሰጥቶን በመጫወቻ መኪናው መጫወቱን ቀጠለ። አልዞረም።

መርፌው ነው አልኩ። ላገኘሁት ሰው ሁሉ "ልጄን መርፌው አደነቆረብኝ" ብዬ አወራሁ። ስንት ሰው እኔን ሰምቶ ልጁን አላስቀዳም ብሎ ይሆን? ይህን ሳስብ እንቅልፍ አይወስደኝም። ጆሮው ይመለሳል እያልን ደግሞ ዓመት ጠበቅን።

በዓመቱ ያየችው የጆሮ ሐኪም ወረቀት ላይ ሣለችልኝ። አንጎልና ህብለ ሰረሰር የሚዋኙበት ውሃና የውስጠኛው ጆሮ በቀጭን ቦይ ይገናኛሉ። መግሉና ብግነቱ በዚያ ያልፋል። ጆሮ ብዙ ጊዜ የሚጎዳው በሕመሙ የመጀመሪያ ቀናት ነው። ማለትም ልጄ ጆሮውን ያጣው እኔ ያልተፈረመውን ወረቀት ይዤ ስመላለስ ሳይሆን አይቀርም። "ቀድሜ ብፈርም ይተርፍ ነበር?" ብዬ ጠየቅኳት። "ይህን ማንም ሊነግርህ አይችልም" አለችኝ። ስለ ሁለተኛው ጥፋቴ ግን በግልጽ ነገረችኝ። ከማጅራት ገትር በኋላ የውስጠኛው ጆሮ በወራት ውስጥ አጥንት እየሆነ ሊደፈን ይችላል። ከተደፈነ በኋላ የመስሚያ መሣሪያ በቀዶ ሕክምና ማስገባት በጣም ይከብዳል። ለዚህ ነው የመስማት ምርመራ ከሆስፒታል ሳይወጣ፣ ካልሆነም በወጣ በ4 ሳምንት ውስጥ መደረግ ያለበት። ማጅራት ገትር ያለፈው ልጅ ያላችሁ ይህን የምታነቡ ሁሉ፣ እባካችሁ ይህን ምርመራ ጠይቁ፤ ማንም ባያነሣላችሁ እናንተ አንሡት።

አሁን 11 ዓመቱ ነው። ቀኝ ጆሮው አይሰማም። በግራው ማዳመጫ አድርጎ ይማራል። ስታናግረው ፊት ለፊቱ መቆም አለብህ።

የሌሊት ተረኛ

ነርስ ነኝ። ከላይ የልጁ አባት ጥሩ አድርገው ያዩዋት፣ ልጁን አጥፋ ያቀፈችው፣ የኔ ሥራ እሷ የሠራችው ነው። መርፌውን የሚወጉት ሐኪሞች ናቸው። እኛ ታካሚውን እንይዛለን፣ ጆሮው ላይ እናወራለታለን።

ጠያቂው ወንድሜ፣ መጀመሪያ አንድ ነገር ሄደህ ጠይቅ፦ "ለባክቴሪያም ለቫይረስም የሚሆን መድኃኒት ተጀምሯል? የቫይረሱ መድኃኒት፣ አሲክሎቪር፣ አለበት?" በላቸው። ሐኪሟ መድኃኒት ጀምረናል ካለች አለበት ብዬ እገምታለሁ። ይህን የምልህ እህትህ የሌለ ሽታ ሸተተኝ ማለቷና የምታውቀው ዕቃ ምን እንደሚሠራ መርሳቷ ስላሳሰበኝ ነው። ከጆሮ ከፍ ብሎ በጎን ያለው የአንጎል ክፍል ትውስታን፣ ቋንቋንና ሽታን ይነካል። ኸርፐስ ሲምፕሌክስ የሚባለው ቫይረስ ደግሞ ያንን ክፍል መርጦ ያጠቃል። ከንፈር ላይ ምች የምንለውን ቁስል የሚያወጣው ያው ቫይረስ ነው። አብዛኛው ሰው በሰውነቱ ይዞት ይኖራል፣ ወደ አንጎል የሚደርሰው እጅግ በጥቂቱ ላይ ነው። ከደረሰና ካልታከመ ግን ከ10 ሰው 7ቱን ገደማ ይገድላል። አሲክሎቪር ቶሎ ከተጀመረ ይህ በጣም ይለወጣል። እህትህ ይህ ነው ያላት ብዬ መናገር አልችልም። ለይቶ የሚናገረው ያ የወገብ ፈሳሽ ነው። ለዚህም ነው የፈለጉት።

የፈሳሹ ቋንቋ እንዲህ ነው። ደፍርሶ፣ ነጭ የደም ሴሉ በዝቶ፣ ስኳሩ ወርዶ ከተገኘ ባክቴሪያ ይጠረጠራል። ጥርት ብሎ፣ ሴሉ ትንሽ ጨምሮ፣ ስኳሩ ደህና ከሆነ ወደ ቫይረስ ያደላል። ቲቢም ፈንገስም የየራሳቸው መልክ አላቸው። የእያንዳንዱ መድኃኒት ሌላ ነው። የሚወሰድበት ጊዜም ከሳምንት እስከ ዓመት ይለያያል። ሳይቀዱ ማከም ይቻላል፣ ግን በጨለማ መተኮስ ነው።

አንጎሏ ይደርቃል ለሚሉት አክስትህ፦ በአዋቂ ሰው ውስጥ ይህ ፈሳሽ 150 ሚሊ ሊትር ያህል ነው። ሰውነት በቀን ወደ 500 ሚሊ ሊትር ይሠራል፣ አሮጌው እየተመጠጠ አዲሱ ይተካል። የሚቀዳው 10 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው፣ ግማሽ ሰዓት በሚያህል ጊዜ ይተካል።

ሽባ ያደርጋል ለሚሉት እናትህ፦ ህብለ ሰረሰር እስከ ታች አይወርድም። በአዋቂ ሰው በመጀመሪያውና በሁለተኛው የወገብ አንጓ አካባቢ ያበቃል። መርፌው የሚገባው ከዚያ በታች ነው፣ በ3ኛውና በ4ኛው ወይም በ4ኛውና በ5ኛው መሃል። የልጁ አባት እንዳዩት የዳሌ አጥንት የሚዳሰሰው ቦታውን ለማግኘት ነው። እዚያ ያሉት እንደ ፈረስ ጭራ ተዘርግተው ውሃ ውስጥ የሚዋኙ የነርቭ ክሮች ናቸው፣ መርፌ ሲመጣባቸው ገለል ይላሉ። አንዳንዴ ይነካቸውና እግር ላይ እንደ ኤሌክትሪክ ይነዝራል። ሐኪሙ መርፌውን ያስተካክላል፣ ያልፋል። አዲስ ነገርም አይደለም፣ ሃይንሪክ ኪንከ የሚባል ጀርመናዊ ሐኪም ከጀመረው እ.ኤ.አ. 1891 ወዲህ ሲሠራበት ኖሯል።

ምንም ጉዳት የለውም ብዬ አልዋሽህም። ከተቀዳች በኋላ ራሷን ሊያማት ይችላል፣ ቁጭ ስትል የሚብስ፣ ስትተኛ የሚተዋት ዓይነት። አብዛኛው በቀናት ይጠፋል፣ ካልጠፋም ሕክምና አለው። ወገቧን ትንሽ ያማታል። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የምትወስድ ከሆነ ወይም ደሟ ቶሎ የማይቆም ከሆነ አሁኑኑ ንገራቸው። ጭንቅላት ውስጥ እብጠት ወይም ትልቅ ግፊት ካለ መቅዳት አደገኛ ይሆናል። ሰውነቷን ስላንቀጠቀጣት ነው መጀመሪያ ሲቲ ያስነሷት። ያንን አይተው እንቅዳ ማለታቸው ጥሩ ምልክት ነው።

ገጠመኝ፣ አጎትህን በተመለከተ አንድ ልጠይቅህ። መጀመሪያ ሆስፒታል ያስገባው ምን ነበር? እግሩን መደንዘዝ፣ መድከም ጀምሮት አልነበረም? ጊላን ባሬ የሚባል ሕመም አለ። ሰው ተቅማጥ ወይም ጉንፋን መሰል ኢንፌክሽን ይታመማል፣ ይድናል። ከአንድ ሁለት ሳምንት በኋላ የሰውነቱ መከላከያ ስቶ የራሱን ነርቭ ያጠቃል። ከእግር ጣት ይጀምርና ወደ ላይ ይወጣል። ለ2 ሳምንት፣ አንዳንዴ እስከ 4 ሳምንት እየባሰ ይሄዳል። ሰው የሚመጣው ገና እየተራመደ፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው። ሐኪሞች ሕመሙን ለመለየት ከወገቡ ይቀዳሉ። ከዚያ ሕመሙ መንገዱን ይቀጥላል፣ እግር ይከዳል። ቤተሰብ የሚያስታውሰው መርፌውን ነው። ይህን ስንት ጊዜ እንዳየሁ! ማንም ክፉ አስቦ አይደለም የሚያወራው። ቅደም ተከተሉ ነው የሚያሳስተው።

ገጠመኝ

እናቴን ደውዬ ጠየቅኳት። እውነት ነው፣ እግሬን ጉንዳን ጉንዳን ይለኛል ብሎ ነው ሆስፒታል የሄደው። ደረጃ መውጣት ሁሉ አቅቶት ነበር። ከዚያ በፊት ተቅማጥ አሞት ነበር። ስሙንም ከካርዱ ላይ አነበበችልኝ፣ ሲስተር ያልሽው ነው። እኛ ግን 6 ዓመት ሙሉ መርፌው ነው ስንል ኖርን። አሁን በከዘራ ይሄዳል፣ ደህና ነው።

ጠያቂው ወንድሜ፣ መጀመሪያ የጻፍኩትን አትከተል። ይቅርታ አድርግልኝ።

ታናሽ ወንድም (ጠያቂ)

ፈርሜያለሁ።

የልጁን አባት ጽሑፍ ለእናቴ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። በሩ ተላትሞ ልጁ አልዞረም የሚለው ጋ ስደርስ አስቆመችኝ። ዝም አለች። "ልጁ አሁን ስንት ዓመቱ ነው?" አለች። 11 አልኳት። "በል ፈርም" አለችኝ። አሲክሎቪሩ ተጀምሯል፣ ጠይቄአለሁ። ቀድተዋታል፣ ሩብ ሰዓት ቢፈጅ ነው። እኔም ብልቃጧን ከካርዱ ፊት ለፊት ያዙልኝ አልኩ። ጥርት ያለ ነው፣ የእህቴን ስም በውስጡ አነበብኩት።

የልጅ አባት

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እናትህን በእኔ ስም ሳምልኝ። ውጤቱን ንገረን።

ታናሽ ወንድም (ጠያቂ)

ዘገየሁ፣ ዛሬ 9ኛ ቀናችን ነው።

ሲስተር የጠረጠርሽው ነው። ከፈሳሹ ውስጥ የኸርፐስ ቫይረሱ ዘረመል ተገኘ። ነጭ ሴሉ ጨምሯል፣ ስኳሩ ደህና ነው። የባክቴሪያውን መድኃኒት አቁመው አሲክሎቪሩን ብቻ ቀጠሉ፣ በየ8 ሰዓቱ በደም ሥሯ፣ እስከ 21 ቀን። ኩላሊቷን እንዳይነካት በየጊዜው ደሟን ያያሉ፣ ግሉኮስም አይለያትም። ሁለት ቀን ራሷን አሟት ነበር፣ ልክ እንዳልሽው ስትተኛ ይተዋታል። አሁን የለም። እግሯም ደህና ነው፣ ትናንት ደግፌያት እስከ ኮሪደሩ ጫፍ ሄድን።

በ5ኛው ቀን እናቴን "እማ" ብላ ጠራቻት። ከዚያ በፊት "እሷ ሴትዮ" ነበር የምትላት። ያቺን ሰዓት ልገልጻት አልችልም።

አሁን ያስጨነቀን ሌላ ነው። የሩቁን ሁሉ ታስታውሳለች፣ የትምህርት ቤት ጓደኞቿን ስም ሳይቀር። የአሁኑን ግን አትይዝም። "ለምን እዚህ ነኝ?" ትለኛለች፣ እነግራታለሁ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ እንደ አዲስ ትጠይቀኛለች፣ እንደ አዲስ ትደነግጣለች። ዛሬ 11 ጊዜ ቆጠርኩ። ይህ ይመለሳል? ስትጠይቀኝ እንዴት ነው መመለስ ያለብኝ?

የሌሊት ተረኛ

እማ ማለቷን ሳነብ አለቀስኩ።

ትውስታው የሚመለሰው ከሰው ሰው ይለያያል። በወራት ብዙ የሚመለስላቸው አሉ፣ የሚቀርባቸውም አሉ። ገና 9ኛ ቀን ስለሆነ አሁን መናገር አይቻልም። ከመውጣቷ በፊት ስለ ትውስታ ክትትል ሐኪሟን ጠይቃት። በቀጣዮቹ ሳምንታትም ደህና ከሆነች በኋላ ጠባይዋ ወይም እንቅስቃሴዋ እንደገና ከተለወጠ "ይመለሳል" ብላችሁ አትጠብቁ፣ ይዛችኋት ተመለሱ።

አሁን ግን ትልቅ ወረቀት ፈልግ። በትልልቅ ፊደል ጻፍ፦ የት እንዳለች፣ ምን እንዳመማት፣ እየተሻላት እንደሆነ፣ እናቷ ስንት ሰዓት እንደምትመጣ። ከአልጋዋ ፊት ለፊት ግድግዳው ላይ ለጥፈው። ስትጠይቅህ "ነግሬሽ ነበር እኮ" አትበላት። ወረቀቱን በጣትህ አሳያትና አብራችሁ አንብቡት። ከጎኑ ትንሽ ደብተር አስቀምጥ፣ ማን እንደመጣና ምን እንደተባለ ራሷ በእጇ ትጻፍበት። የራስ እጅ ጽሑፍ ስታይ ታምናለች። የቤተሰብ ፎቶ ካለም ሥሩ ላይ ስም ጽፋችሁ አምጡ።

ታናሽ ወንድም (ጠያቂ)

ለጥፈነዋል። የመጨረሻውን መስመር እሷ ናት የጨመረችው፦ "ወንድሜ እዚህ ነው የሚያድረው።"